የጉልበት ሕመም፦ መቀመጥ ወይስ መንቀሳቀስ?

ከዳላስ በስተሰሜን ባለችው ፍሪስኮ መንገዱ ሁሉ በመኪና ነው። ከአገር ቤት የመጡ እናት «ጉልበቴን አሞኛል፣ እርጅና ነው» ብለው ቀኑን ሶፋ ላይ ይውላሉ። ጥናቶች ግን ይህን አይመክሩም።

ኦስቲዮአርትራይተስ አጥንት ከአጥንት እንዳይፋተግ የሚሸፍነውን ካርቲሌጅ ያሳሳል። እ.ኤ.አ. በ2002 እዚሁ ቴክሳስ፣ ሂዩስተን፣ 180 ሕመምተኞች የተሳተፉበት ጥናት ወጣ፤ ጉልበትን በቀጭን መሣሪያ ማጠብና መጥረግ ከማስመሰያ ቀዶ ሕክምና አልተሻለም። በ2017 ደግሞ በየሦስት ወሩ ለሁለት ዓመት የተወጋ ስቴሮይድ ሕመሙን ከጨው ውሃ መርፌ የበለጠ እንዳልቀነሰ፣ ካርቲሌጁን ግን ይበልጥ እንዳሳሳ ታየ።

ዛሬ ትኩረቱ እንቅስቃሴና ክብደት ላይ ነው። አንድ ኪሎ ሲቀንስ፣ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት የሚሸከመው ጫና በአራት ኪሎ ገደማ ይቀላል። በ2024 ከመጠን ያለፈ ውፍረት ባላቸው 407 ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ሴማግሉታይድ የተባለው መርፌ ክብደትንም ሕመምንም ከማስመሰያው በላይ ቀንሷል።

እንግዲህ እናትዎን ሐኪም ዘንድ ሲወስዱ «ጭናቸውን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ማን ያሳያቸዋል?» ብለው ይጠይቁ። የበጋው ሙቀት ካስቸገረ፣ ስቶንብራየር የገበያ ማዕከል ውስጥ አብረዋቸው ቀስ ብለው ይራመዱ።