እበት በነጻ የለም

የባዮጋዝ ፕሮጀክት ሰነድ እጄ ሲገባ ቀድሜ የማየው «የጥሬ ዕቃ ወጪ» የሚለውን መስመር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ዜሮ ተጽፎበት አገኘዋለሁ። እበቱም፣ የሆቴል ትራፊውም፣ የቄራው ፈርስም «ቆሻሻ» ከተባለ ዋጋ የለውም ተብሎ ይታሰባል። ደብረ ብርሃን ገበያ ወጥቶ የሚያውቅ ሰው ግን ኩበት ተከምሮ ሲሸጥ፣ ገዢም ዋጋ ሲከራከርበት አይቷል።

ባዮጋዝ የሚመረትበት ማብላያ አየር የማይገባበት ዕቃ ነው። ውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች የቀረበላቸውን ይበላሉ፤ የሚተዉት ጋዝ ከግማሽ በላይ ሜቴን ነው። ሊጥ ሲቦካ ያየ ሰው ነገሩ አይከብደውም። መሐንዲሶች ማብላያን በታንኩ ቅርጽ ይለዩታል። እኔ የሚበላውንና በውስጡ ያለውን ውሃ ሳይ ነው ሂሳቡ የሚገባኝ።

እኛ ዘንድ የታወቀው መሬት ውስጥ የሚቀበረው ባለ ጉልላቱ ነው። ባዮጋዝ ወደ አገራችን የገባው በ1950 ዓ.ም. ገደማ በአምቦ እርሻ ኮሌጅ በኩል ሲሆን፣ በሰፊው የተሞከረው ግን ብሔራዊው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2009 ሲጀመር ነው። ከኔፓል የመጣው ንድፍ ለእኛ ተስተካክሎ «ስንዱ» የሚል ስም ወጣለት። እ.ኤ.አ. እስከ 2013 ድረስ 14 ሺህ ሊገነባ ታቅዶ የተሠራው 8 ሺህ ገደማ ነው።

ለምን አልሞላም ለሚለው ብዙ ምክንያት ይጠቀሳል። እኔ አንዱን ጎጃም ውስጥ አንዲት እናት ጓዳ ውስጥ አይቼዋለሁ። ማለዳ ከበረት ያወጡትን እበት ከእኩል ውሃ ጋር ገንዳው ውስጥ ይበጠብጣሉ፣ ገለባና ጠጠሩን በእጃቸው ለቅመው ይጥላሉ፣ ከዚያ ወደ ጉድጓዱ ይለቁታል። ጋዙ ምድጃ ላይ ሽሮ ይንተከተካል። ጥግ ላይ ደግሞ ምጣዱ በጉልቻው ላይ ተቀምጧል፣ ከሥሩ ጭራሮ ተማግዷል። «ጋዙስ?» ብላቸው፣ «እሱ ለወጥ ነው ልጄ፤ ምጣድ መች ይችላል» አሉኝ። በገጠር ቤት ከሚነደው ማገዶ ከግማሽ በላይ የሚሄደው ለእንጀራ ነው። ስለዚህ ጉልላቱ የቀነሰላቸው ትንሹን ወጪ ነው። በዚያ ላይ ለአንድ ባልዲ እበት አንድ ባልዲ ውሃ መቅዳት መጥቷል፤ ቀጂዋም እሳቸው ናቸው። ለጋዝ የሚሆነው ትኩሱ እበት ስለሆነም፣ ማብላያው የበላው እበት ኩበት ሆኖ አይሸጥም። ይህ የሚቀር ገቢ የፕሮጀክቱ ሰነድ ውስጥ እንደ ወጪ መግባት ነበረበት።

ወደ ትልልቆቹ ስንመጣ መማሪያዋ ጀርመን ናት። እዚያ የተለመደው ፈሳሽ ነገር በሞቀ ታንክ ውስጥ እየተማሰለ ለሳምንታት የሚቆይበት ዓይነት ነው። አንድ ቶን ፈሳሽ እበት የሚሰጠው 25 ሜትር ኩብ ገደማ ባዮጋዝ ሲሆን፣ እንደ ገፈራ ታምቆ የተቀመጠ አንድ ቶን በቆሎ ግን 200 ገደማ ይሰጣል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ እበቱን ላሟ አንድ ጊዜ በልታዋለች። እ.ኤ.አ. በ2004 የተሻሻለው የጀርመን ሕግ ለጋዝ ተብሎ ለሚዘራ ሰብል ጉርሻ ሲጨምር ገበሬው እበቱን ትቶ ወደ በቆሎው ዞረ። ማብላያዎቹ ወደ 9 ሺህ ደረሱ፣ የእርሻ መሬት ኪራይም ተወደደ። በ2012 አዲስ ማብላያ ውስጥ የሚገባው በቆሎ ከ60 በመቶ እንዳይበልጥ ተደነገገ፤ በ2014 ለአዲሶቹ ጉርሻው ራሱ ተነሣ። መንግሥት ቆሻሻ ይበላልኛል ብሎ የደጎመው ታንክ የእርሻ ማሳ በላ።

ሌላኛው ዓይነት የቢራና የስኳር ፋብሪካ፣ የቄራና የከተማ ፍሳሽ የሚሄድበት ነው። ይህን ሁሉ ውሃ ለሳምንታት አቁሞ ማሞቅ ያከስራል። ኔዘርላንዳዊው ጋትሴ ሌቲንጋ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የደረሰበት መላ ፍሳሹን ከሥር ወደ ላይ መልቀቅ ነው፤ ባክቴሪያዎቹ እንደ ፍርፋሪ ተሰባስበው ታች ይቀራሉ፣ ውሃው በሰዓታት ውስጥ አልፎ ይሄዳል። እዚህ ትርፉ ከጋዙ ይልቅ ፋብሪካው ወንዝ በመበከል ሳይቀጣ መክረሙ ነው። በእኔ ግምት ለአገራችን ባለሀብት ከሁሉም የሚያዋጣው ይኸኛው ነው፤ ጥሬ ዕቃው ከግቢው አይወጣም፣ ሌላ የሚገዛውም የለም።

ለከተማ ደረቅ ቆሻሻ ደግሞ ጋራዥ የሚመስል ማብላያ አለ። በሎደር ተሞልቶ በሩ ይዘጋል፣ ከላይ ፈሳሽ እየተረጨበት ለሳምንታት ይቀመጣል፤ ውሃ መጨመር ብዙም አያሻውም። አዲስ አበባ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ረጲ ላይ ያስመረቀችው ግን ማብላያ ሳይሆን ማቃጠያ ነው። አብዛኛው ቆሻሻችን የጎመን ቅጠልና የሽንኩርት ልጣጭ፣ እርጥብ ነገር ነው። እርጥብን ማቃጠል ውሃ መቀቀል ነው። ማብላያ ይህን ይወደዋል፤ ፌስታሉን ግን አይወደውም። አትክልት ተራ የትም ቢዛወር ጎመኑና ፌስታሉ አብረው ነው የሚጣሉት። የመለየቱን ሥራ ማን በስንት ይሠራዋል የሚለው ከታንኩ ዋጋ ያልተናነሰ ጥያቄ ነው። ትራፊ ምግብና ስብ በአንዴ ሲበዛበትም ማብላያው እንደ ሰው ሆዱ ይበላሻል፤ አሲድ ይሞላዋል፣ ጋዙም ይቆማል።

የሚወጣው ዝቃጭ ጥሩ ማዳበሪያ ነው፤ ናይትሮጅኑ ከጋዙ ጋር አይሄድም። ዩሪያን በዶላር ለሚገዛ አገር ይህ ቀላል አይደለም። ነገር ግን አብዛኛው ውሃ ነውና ራቅ ያለ ማሳ ድረስ ሲጫን የመኪናው ኪራይ ጥቅሙን ይበላዋል።

ሰሞኑን የደረሰኝ አንድ ሰነድ የቢራ ፋብሪካ የብቅል ተረፈ ምርትን በዜሮ ብር አስገብቷል። በጋዝ አሰጣጡ የሚታማ ዕቃ አይደለም። ፋብሪካው በር ላይ ግን የወተት ከብት አርቢዎች አይሱዙአቸውን አቁመው ወረፋ ይጠብቃሉ፤ ለከብቶቻቸው ይገዙታልና። ማብላያው ከእነሱ በላይ መክፈል አለበት።