ደመወዝ ለሌለው ሰው ማን ያበድራል?

ባለፈው የፋሲካ ሰሞን አሜሪካ ላለው ልጄ በስልክ ስለ ኑሮ ውድነት ሳወራው፣ «እማዬ፣ ለምን ክሬዲት ካርድ አታወጪም?» አለኝ። ሳቄ መጣ። እኔ ያለኝ ካርድ ከባንክ ማሽን ገንዘብ የማወጣበት ነው፤ ያስቀመጥኩትን ይሰጠኛል፣ የሌለኝን አይሰጠኝም። እሱ የሚለው ግን በባንኩ ገንዘብ አስገዝቶ በኋላ የሚያስከፍለውን ነው። እንዲህ ያለው ካርድ እኛ ዘንድ ብዙም አይታወቅም።

እሱም ቢሆን በቀላሉ አላገኘውም። እዚያ ሲገባ ሥራ ቢኖረውም የብድር ታሪክ ስላልነበረው፣ ባንኩ መያዣ ገንዘብ አስቀምጦ በዚያው ልክ ብቻ የሚጠቀምበት ካርድ ሰጠው። «ታዲያ የራስህን ገንዘብ ነዋ ያበደሩህ!» ብዬው ነበር። በየወሩ ሳያዛንፍ ሲከፍል ቆይቶ ነው የታመነው።

ነገሩ ካዛንቺስን አስታወሰኝ። የሰፈሩ ስም ከጣሊያን ዘመን የቀረ ነው፤ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው «ኢንቺስ» ከተባለው ድርጅት የመጣ ነው ይባላል። የደመወዝተኞች ቤት እንደማለት ነው። እኔ በኖርኩበት ዘመን ግን ወር ጠብቆ የሚቀበለው ጥቂት ነበር። እንጀራ የምትሸጥ፣ ልብስ የምታጥብ፣ ልጇ ከዐረብ አገር የምትልክላት ነበረች የምትበዛው። ለእነዚህ የሚያበድረው ባለሱቁ ነበር። ጥጉ የተበላ ደብተሩ ላይ «ዘይት ግማሽ ሊትር፣ ሳሙና አንድ» እያለ ይጽፋል። እኔንም «ሲስተር» ብሎ መዝግቦኛል። የማን ልጅ እንደታመመ፣ የማን ገንዘብ ከቤይሩት እንደዘገየ ያውቃል። የደመወዝ ደብዳቤ ጠይቆ አያውቅም።

ዕቁቡም እንዲሁ ነበር። ቀድሞ የደረሰው ሰው ዋስ ይጠራል፤ እኔ ደመወዝተኛ ስለነበርኩ ለጎረቤቴ ሁለት ጊዜ ፈርሜላታለሁ።

በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲነሣ ተበታተንን። እኔ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ተከራየሁ፣ ጎረቤቴ ከልጅ ልጇ ጋር ገላን ጉራ ሄደች። ባለሱቁ ደብተሩን ይዞ ወዴት እንደገባ አላውቅም። ቤቱ አዲስና ንጹሕ ነው፤ ሱቁ ላይ ግን «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ይምጡ» የሚል ተለጥፏል። ባለሱቁ ልጅ ነው፣ ማንንም አያውቅም፤ አልፈርድበትም።

አንድ ቀን ራስ ምታት አላስቆም ብሏት እኔ ዘንድ መጣች። ስለካው 180 በ110። «መድኃኒትሽስ?» ስላት ሁለት ሳምንት እንዳቋረጠች ነገረችኝ። ልጇ ልካላት አልነበረም እንዴ? ልካለች። ነገር ግን የልጅ ልጇ የሚስጥር ቁጥሯን ያውቀዋል። አንዴ ለመድኃኒቷ ብሎ ከስልኳ ተበደረላት፤ ያ ተከፈለ። ከዚያ ሳይነግራት ለራሱ ጫማ ተበደረ። የእናቱ ገንዘብ ሲገባ ዕዳው ቀድሞ ተቀነሰ። ልጁ ክፉ አይደለም፤ አስራ ሰባት ዓመቱ ነው።

በነጋታው አብሬያት ወደ አንድ ባንክ ሄድኩ። የደመወዝ ማስረጃ ወይም መያዣ አምጡ ተባልን። ከዐረብ አገር የሚላክላት ገንዘብ ቋሚ ገቢ አይባልም። ሲላክላት ስምንት ዓመቱ ነው፤ ከእኔ መሥሪያ ቤት ደመወዝ የዘገየበትን ጊዜ አስታውሼ ዝም አልኩ።

ስለዚህ የስልኩን ብድር አትንኩ ብዬ ላስፈራራችሁ አልችልም። ቴሌብር በ2013 ከተጀመረ በኋላ፣ በ2014 ከዳሽን ባንክ ጋር ሆኖ «መላ» የተባለውን አነስተኛ ብድርና፣ በሒሳባችሁ ያለው ሲያንስ የጎደለውን የሚሞላውን «እንደኪሴ»ን አመጣ። ሌሎች ባንኮችም የየራሳቸው አላቸው። ቤትና መኪና ማስያዝ አይጠይቁም፤ የሚያዩት ስልካችሁንና ሒሳባችሁን እንዴት እንደምትጠቀሙበት ነው። ያ ደብተር አሁን ስልኩ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው፤ ልዩነቱ ባለሱቁ መታመማችሁን ያያል፣ ስልኩ አያይም። ቀኑ ሲያልፍ ቅጣት ይጨምራል።

ከመጫናችሁ በፊት የአገልግሎት ክፍያው ስንት እንደሆነና የመክፈያው ቀን መቼ እንደሆነ አስነብቡ። የዓይን ነገር ካለባችሁ በወረቀት አስጽፉ። ሲም ካርዱ በማን ስም እንደወጣም ጠይቁ። ብዙዎቻችን በልጆቻችን ስም የወጣ ሲም ነው የያዝነው፤ እንዲህ ከሆነ ለዓመታት በታማኝነት ብትከፍሉም መልካም ስሙ የሚመዘገበው ለእነሱ ነው። የሚስጥር ቁጥሩን ለልጅ ልጅ መንገር ደግሞ የመድኃኒት ሣጥን ቁልፍ እንደመስጠት ነው። ልጁ ቢወዳችሁም።

ጎረቤቴ ቁጥሯን ቀየረች። ልጁ የጫማውን ዕዳ ቅዳሜ ቅዳሜ ዕቃ እያወረደ በሦስት ጊዜ መለሰላት። መድኃኒቷን ጀምራለች፣ ባለፈው ሳምንት 140 በ90 ሆናለች።

ገላን ጉራ ላይም አስራ ሁለት ሴቶች ዕቁብ ጀምረዋል። ሦስተኛው ዕጣ ለእሷ ወጣና ዋስ ተጠየቀች። ሁለት ታክሲ ቀይሬ ሄድኩ። ሰብሳቢዋ፣ «ደመወዝ አለዎት?» አለችኝ። ጡረታ አለኝ አልኳት። ትንሽ አሰበችና፣ «እዚህ ካሉት አንድ ሰው ይጨመርልን» አለች። ከፎቁ በታች የምትኖር ቡና ቆይ መጥታ ከእኔ ስር ፈረመች። ከጎረቤቴ ጋር ከተዋወቁ አምስት ወራቸው ነው።