ከራሱ ጋር ብቻ የሚስማማ ሚዛን
ስለ ኮሞዶር 64 የዲስክ ማንበቢያ ጥገና

ነጋዴ ዕቃ ከውጭ አገር ሲያስመጣ አስቀድሞ የሚጠይቀው የመግዣውን ዋጋ፥ የማጓጓዣውን ኪራይና የቀረጡን ልክ ነው። ዕቃው በተበላሸ ጊዜ ማን ይጠግነዋል፥ መለዋወጫውስ ከወዴት ይገኛል ብሎ የሚጠይቀው ግን ጥቂቱ ነው። የዚህን ጥያቄ ጥቅም ለማስረዳት፥ ሠሪው ኩባንያ ከፈረሰ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖት ሳለ እስከ ዛሬ እየተጠገነ የሚሠራ አንድ መሣሪያ በምሳሌነት እናቀርባለን። የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

የኮሞዶር ኩባንያ መሥራች ጃክ ትራሚየል በፖላንድ ተወልዶ፥ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደ አሜሪካ የተሰደደ፥ ንግዱንም በኒውዮርክ ከተማ በጽሕፈት መኪና ጥገና የጀመረ ሰው ነበር። ኩባንያው በ1982 ኮሞዶር 64 የተባለውን የቤት ኮምፒዩተር በ595 ዶላር ለገበያ አወጣ። ይህም ኮምፒዩተር በአሜሪካና በአውሮጳ፥ ይልቁንም በጀርመን አገር፥ እጅግ ተሸጠ። ጽሑፍና ሒሳብ በፍሎፒ ዲስክ የሚያስቀምጥለት 1541 የተባለ የዲስክ ማንበቢያም ተሠራለት። ኩባንያው ግን በ1994 ከስሮ ተዘጋ።

ዲስኩ አምስት ከሩብ ኢንች ስፋት ያለው፥ የብረት ኦክሳይድ የተቀባ ስስ ፕላስቲክ ነው። በማንበቢያው ውስጥ በደቂቃ 300 ጊዜ ይዞራል፤ በ35 ክብ መስመሮችም 170 ኪሎባይት ያህል ይይዛል። የሚያነበውና የሚጽፈው፥ በቴፕ ላይ ሄድ የምንለው ዓይነት ብልት ሲሆን፥ ከመስመር ወደ መስመር የሚወስደው ትንሽ ሞተር አለ። ነገር ግን 1541 ሄዱ ከመጀመሪያው መስመር መድረሱን የሚያስታውቅ ምልክት ሰጪ የለውም። ስለዚህ አዲስ ዲስክ ሲያሰናዳ ወይም ማንበብ ሲያቅተው ሄዱን ወደ ኋላ እየገፋ ከማገጃው ጋር ደጋግሞ ያጋጨዋል። ትራንስፎርመሩም በሣጥኑ ውስጥ ስለ ሆነ ሙቀቱ ብዙ ነው። በግጭቱና በሙቀቱ ምክንያት የሞተሩ መዘውር ከዘንጉ ላይ ጥቂት ይንሸራተታል፤ ሄዱም መስመሩን ይስታል።

የዚህ ብልሽት ምልክቱ የሚያስገርም ነው። መስመር የሳተ ማንበቢያ ከሳተ በኋላ የጻፈውን ዲስክ አጣርቶ ያነባል፤ ሌላ ማንበቢያ የጻፈውን ግን አያነብም፥ የእርሱንም ጽሑፍ ሌላው አያነብለትም። ከራሱ ጋር ብቻ የሚስማማ ሚዛን ማለት ይህ ነው። ባለቤቱ መሣሪያው ደኅና ነው ብሎ ሲያምን ቆይቶ፥ ዲስኩን ለሌላ ሰው በሰጠ ቀን ጉዳቱን ይረዳል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ጠጋኙ ቸኩሎ ሄዱን ያስተካከለ እንደ ሆነ፥ በሳተው ጊዜ የተጻፈው ሁሉ የማይነበብ መሆኑ ነው። ስለዚህ አስተዋይ ባለሙያ ዲስኮቹን በዚያው በሳተው ማንበቢያ አስነብቦ፥ በማገናኛ ገመድ ወደ ዛሬ ኮምፒዩተር ከገለበጠ በኋላ ነው ሥራውን የሚጀምረው።

ጥገናው ከቀላሉ ይነሣል። በመጀመሪያ የኤሌክትሪኩ ገመድ ይነቀላል። ሄዱ በአይሶፕሮፒል አልኮል በራሰ ጥጥ ቀስ ተብሎ ይጠረጋል፤ የሚንሸራተትባቸው ዘንጎችም ከእድፍ ጸድተው ጥቂት ቀጭን ዘይት ይቀባሉ። ብዙ ጊዜ ከዚህ ያለፈ ሥራ አያስፈልግም። ቀጥሎ ፍጥነቱ ይመረመራል፤ በጎማ ቺንጋ በሚሠሩት ላይ ቺንጋው ሲላላ ፍጥነቱ ይዛባልና። በታችኛው መዘውር ላይ ለ50ና ለ60 ኸርትዝ የታተሙ ጭረቶች አሉ፤ በዱሮው ዓይነት ፍሎረሰንት መብራት ሲታዩ የቆሙ ከመሰሉ ፍጥነቱ ልክ ነው። በመጨረሻም የሞተሩ ሁለት ብሎኖች በካቻቢቴ ላላ ተደርገው፥ በደኅና ማንበቢያ የተጻፈ ዲስክ እየተነበበ፥ ሞተሩ በጥቂት በጥቂቱ ዞሮ ልኩ ሲገኝ ይጠብቃል። በዚህ ጊዜ መሣሪያው ኤሌክትሪክ አለበትና ጠጋኙ እጁን ከትራንስፎርመሩ አካባቢ ያርቅ። የሄዱ ቀጭን ሽቦ የተበጠሰ እንደ ሆነ ግን፥ ከሌላ አሮጌ ማንበቢያ ሄድ ነቅሎ ከመተካት በቀር መፍትሔ የለውም።

ይህ ሁሉ ጥገና የተቻለው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፥ ኩባንያው የኮምፒዩተሩን የኤሌክትሪክ መስመር ንድፍ በ1982 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ለገዢው አልሸሸገም፤ ለ1541ም የጥገና መጽሐፍ አዘጋጅቷል። ሁለተኛ፥ ማንበቢያውን የሚያዝዘው 6502 የተባለው ቺፕ በብዙ መኪናዎች ያገለገለ የታወቀ ዕቃ ነበር፤ የዚሁ ቤተሰብ ቺፖች ዛሬም በአሪዞና በሚገኘው በዌስተርን ዲዛይን ሴንተር ይሸጣሉ። ቺንጋውንና የመሳሰለውን ደግሞ ትናንሽ ነጋዴዎች እየሸጡ ይተዳደሩበታል።

እኔ በጸሐፊነት በምሠራበት የንግድ ቤት አንድ የደረሰኝ ማተሚያ መኪና ነበረ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የጎማ መዘውር አልቃበት፥ ሻጩም መለዋወጫ የለኝም ስላለ፥ ሌላው አካሉ ሁሉ ደኅና ሆኖ ሳለ ከመጋዘን ገባ፤ እስከ ዛሬም አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። ጎማዋ ከጣት የማትበልጥ፥ ዋጋዋም ከጥቂት ብር የማያልፍ ነበረች።

ስለዚህ የዕቃ አስመጪዎች በፕሮፎርማው ላይ ከመስማማታቸው በፊት እነዚህን ሦስት ነገሮች ይጠይቁ ዘንድ እናሳስባለን፤ የጥገናው መጽሐፍ አብሮ ይመጣልን? ቶሎ የሚያልቀው ብልት የትኛው ነው፥ ስንትስ አብሮ ይላካል? ሠሪው ቢዘጋ ያንኑ ብልት ሌላ ማን ይሠራዋል? የዕቃ ሻጮችም ደንበኛቸው ይህን ሲጠይቃቸው እንደ ክስ አይቁጠሩበት። የተጠገነለት ደንበኛ ተመልሶ ይመጣልና።