ዛፉ ቆሟል ወይስ ዘሟል?



ልጆቻችን «ዛፍ»፣ «ቅጠል»፣ «አበባ» ማለት አያቅታቸውም። «ቅጠሉ ምን ሆኗል?» ብለን ስንጠይቃቸው ግን «ወደ ላይ ነው»፣ «ወደ ታች ነው» ብለው ያቆማሉ። ስም ከሥዕል መጽሐፍ ይያዛል፤ ግሥ ግን እያዩና እየሰሙ ካልሆነ አይገባም። አማርኛችን ደግሞ ያለ ግሥ ባዶ ነው። ስለዚህ በዚህ እትም ካልተጠበቀ ቦታ፣ ከእጽዋት ተመራማሪዎች ላቲን፣ ትንሽ እንበደር።

ላቲን ለእጽዋት ሳይንስ ለእኛ ግዕዝ እንደሆነው ነው። አፉን የሚፈታበት ልጅ የለም፣ ስሙ ሁሉ ግን በእሱ ነው። ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ባሳተመው መጽሐፍ ለእያንዳንዱ ተክል ሁለት ቃል ያለው ስም ሰጠ። አዲስ ተክል ያገኘ ተመራማሪም እስከ 2011 መጨረሻ ድረስ መግለጫውን በላቲን የመጻፍ ግዴታ ነበረበት። ይህን ያስቀረው ውሳኔ የተላለፈው እዚሁ ሜልበርን ውስጥ ነው፤ በሐምሌ 2011 በተደረገው ዓለም አቀፍ የእጽዋት ጉባኤ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2012 ጀምሮ እንግሊዝኛም ተፈቀደ። ስሞቹ ግን ዛሬም ላቲን ናቸው።

ደስ የሚለው ነገር፣ ላቲኑ ተክልን እንደ ሰው ነው የሚያየው። «ኤሬክቱስ» ቀጥ ብሎ የቆመ ነው። «ኑታንስ» አንገቱን ደፍቶ የሚነቀንቅ፣ «ፕሮስትራቱስ» እንደ ሰጋጅ መሬት ላይ የተዘረጋ፣ «ሬፔንስ» የሚድህ፣ «ፔንዱሉስ» የተንጠለጠለ ነው። «አሴንዴንስ» ደግሞ ከሥሩ ተጋድሞ ጫፉ ቀና የሚለው ነው። ለእያንዳንዱ አማርኛው አለን፤ እንዲያውም ይተርፈናል። አንድ ነገር ቀጥ ካላለ ዘመመ፣ አዘነበለ፣ ጎበጠ፣ ጎነበሰ፣ አቀረቀረ እንላለን፤ አንዱም ከሌላው ጋር አንድ አይደለም። ቤት ይዘማል እንጂ አያቀረቅርም።

እስቲ ከደጃችን እንጀምር። በሣሩ መካከል ያለው ባለ 3 ቅጠሉ ነጭ ክሎቨር ስሙ «ትሪፎሊየም ሬፔንስ» ነው፤ እውነትም መሬት ለመሬት ይድሃል። በምዕራብ ሜልበርን ሜዳዎች የሚበቅል፣ ትንንሽ ቀይ ፍሬ ያለው «ኤይናዲያ ኑታንስ» የሚባል ተክልም አለ፤ አቀርቃሪው ማለት ነው።

ኮሮሮይት ክሪክ ዳር ስትሄዱ ደግሞ አንጋጣችሁ ባሕር ዛፎቹን እዩ። ቅጠላቸው ተንጠልጥሎ ጠርዙን ወደ ሰማይ ያዞራል። ለዚህ ምክንያት አለው፦ የቀትር ፀሐይ ቅጠሉን በሙሉ አያገኘውም፣ ውሃውም ቶሎ አያልቅም። ጥላው ሳሳ የሚለውም ለዚህ ነው። ብርድ ሲይዘን የምንታጠነው ነጭ ባሕር ዛፍ አገሩ እዚሁ፣ ታዝማኒያና ደቡብ ቪክቶሪያ ነው፤ በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው አዲስ አበባ የገባው። ለልጆቻችሁ ይህን ንገሯቸው፤ ከእኛ በፊት መንገዱን በተቃራኒ የሄደ ዛፍ ነው።

ከአገር ቤትም ምሳሌ አለን። ለሆሳዕና የምናውቀው ዘንባባ በሳይንስ ስሙ «ፊኒክስ ሬክሊናታ» ነው፤ ቅርንጫፍ መሳይ ቅጠሉ ወደ ውጭ ተለምጦ ስለሚወርድ «ያዘነበለው» ተባለ። ጤፍ ደግሞ አገዳው ቀጭን ስለሆነ ዝናብና ነፋስ ሲበረታ ይተኛል። ገበሬው «ጋሸበ» ይላል። አንድ ቃል ናት፣ ግን የዓመት ልፋት አለባት። እኛ ካልነገርናቸው ልጆቻችን ይህችን ቃል ሜልበርን ውስጥ ከማን ይሰማሉ?

ለዚህ ሳምንት የምንለምናችሁ ቀላል ነው። ከልጃችሁ ጋር 10 ደቂቃ በእግር ውጡ። 4 ተክል ምረጡና «ምን ሆኗል?» ብላችሁ ጠይቁ። ልጁ መጀመሪያ በሰውነቱ ያሳይ፦ ይቁም፣ ያዘንብል፣ ያቀርቅር፣ ይጋደም። ቃሉን ከዚያ በኋላ ስጡት። በእንግሊዝኛ ቢመልስ አትቆጡ፤ አማርኛውን ደግማችሁ በሉለት።

ማታ ደግሞ አገር ቤት ስትደውሉ ስልኩን ለልጁ ስጡት። አያቱን «እማማ፣ ጤፍ ሲወድቅ እናንተ አገር ምን ይባላል?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱን በወረቀት ጽፋችሁ ላኩልን፤ ክፍላችን ግድግዳ ላይ እንለጥፈዋለን።

በጎ ፈቃደኛ መምህራኑ