2,147,483,647፦ የጥንት የሒሳብ ሊቃውንትና የዛሬ ኮምፒውተሮች የተገናኙበት ቁጥር

ጥር 11/2030 ዓ.ም. የጥምቀት በዓል ዕለት፣ በምሥራቅ አፍሪካ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ሲሆን፣ ያልታደሱ የኮምፒውተር ሥርዓቶች ጊዜን የሚቆጥሩበት ቁጥር 2,147,483,647 ይደርሳል። በቀጣዩ ሰከንድ ብዙዎቹ ቀኑን እአአ ዲሴምበር 13/1901 አድርገው ሊያነቡት ይችላሉ።

ለመሆኑ ይህ ቁጥር ምን የተለየ ነገር አለው?

ቁጥሩ የሚገኘው 31 ሁለቶችን አባዝቶ ከውጤቱ ላይ 1 በመቀነስ ነው። በዚህ መንገድ የሚገኙና ከ1 እና ከራሳቸው በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍላቸው የሌለ ብቸኛ ቁጥሮች 'የመርሰን ብቸኛ ቁጥሮች' ይባላሉ። ስያሜው እአአ በ1644 ዝርዝራቸውን ካሳተመው ፈረንሳዊ መነኩሴ ማረን መርሰን የመጣ ነው። ዝርዝሩ ስህተቶች ነበሩበት፤ ስለ 31 የሰጠው ግምት ግን ትክክል ነበር።

ይህንንም እአአ በ1772 ያረጋገጠው ስዊዘርላንዳዊው ሊዮናርድ ኦይለር ነው። በወቅቱ የዓይን ብርሃኑን በአብዛኛው አጥቶ ነበር። ቁጥሩ ብቸኛ አካፋይ ቢኖረው ኖሮ፣ ያ አካፋይ ለ62 ሲካፈል የግድ 1 ይተርፈዋል። ፍለጋውም ከ46,340 ማለፍ አያስፈልገውም። በዚህ ምክንያት መፈተሽ የነበረባቸው ቁጥሮች በእጅጉ ቀነሱ።

ቁጥሩ ሌላም ዝምድና አለው። በ30 ሁለቶች ብዜት ሲባዛ 2,305,843,008,139,952,128 ይሆናል። ይህም ከራሱ በስተቀር ያሉት አካፋዮቹ ሲደመሩ መልሶ ራሱን የሚሰጥ 'ፍጹም ቁጥር' ነው። ከትንሹ ጀምሮ ሲቆጠር ስምንተኛው ሲሆን፣ የመጀመሪያው 6 ነው።

ኮምፒውተሮች ግን ቁጥሩን የሚያውቁት በሌላ ምክንያት ነው። በ32 ቢት የሚሠራ ሥርዓት አንዱን ቢት ለአዎንታዊና አሉታዊ ምልክት ይለቅና 31 ይቀሩታል። ሁሉም በ1 ሲሞሉ ይህ ቁጥር ይገኛል፤ ከዚህ በላይ ቦታ የለም። ብቸኛ ቁጥር መሆኑ ግጥምጥሞሽ ነው። የ64 ቢቱ ጣሪያ ለምሳሌ ለ7 ያለ ቀሪ ይካፈላል።

እአአ በ2014 'ጋንግናም ስታይል' የተሰኘው የሙዚቃ ቪዲዮ ዩቲዩብ ላይ ወደዚህ ጣሪያ በመቃረቡ፣ የተመልካች መቁጠሪያው ወደ 64 ቢት ተሸጋግሯል።

የጊዜው ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። በርካታ ሥርዓቶች ጊዜን የሚለኩት እአአ ከጃንዋሪ 1/1970 ወዲህ ያለፉትን ሰከንዶች በመቁጠር ነው። መፍትሔው ወደ 64 ቢት መሻገር ሲሆን፣ የሊነክስ ሥርዓት እአአ በ2020 በ32 ቢት መሣሪያዎች ላይም ይህን የሚያስችል ማሻሻያ አድርጓል። አሳሳቢ የሆኑት በፋብሪካና በመገናኛ መሣሪያዎች ውስጥ ተገጥመው ለዓመታት ሳይታደሱ የሚቆዩት ናቸው።

ችግሩ ደግሞ ያቺን ንጋት ላይጠብቅ ይችላል። የረጅም ዘመን ብድር የመጨረሻ ክፍያ ቀንን የሚያሰላ ያልታደሰ ሥርዓት፣ ቀኑ ከጥር 2030 ዓ.ም. ካለፈ፣ ዛሬውኑ ሊሳሳት ይችላል።