የእናቶች ማቆያ፦ ምጥ ሳይቀድም የሚደረስበት ቤት

የእናቶች ማቆያ ሲያዩት ከተራ የገጠር መኖሪያ ብዙም አይለይም። በጤና ጣቢያ ወይም በሆስፒታል ግቢ ውስጥ የሚሠራ፣ ጥቂት አልጋዎችና አንድ ማዕድ ቤት ያሉት ቤት ነው። ሕክምና የሚሰጥበት ክፍል አይደለም። የመውለጃ ጊዜያቸው የተቃረበ እናቶች ቀደም ብለው መጥተው ያድሩበታል፤ ምጥ ሲጀምራቸው ግቢውን አቋርጠው ማዋለጃ ክፍል ይገባሉ። የቤቱ ሥራ ይኸው ነው፤ በነፍሰ ጡሯና በአዋላጇ መካከል ያለውን መንገድ፣ ምጥ ሳይመጣ፣ በቀን ብርሃን ማስጨረስ።

እንዲህ ያለ ቤት ለጌዴኦ ዞን ለምን እንደሚያስፈልግ ለመረዳት አገሩን ማየት ይበቃል። ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ የሚወርደው አስፋልት ዲላን፣ ወናጎንና ይርጋጨፌን እየነካ ያልፋል። በዚህ መስመር ዳር የሚኖር ሰው ቢቸግረው ባጃጅም ሚኒባስም አያጣም። ከአስፋልቱ ወጣ ተብሎ ወደ ቡሌ ደጋ ወይም ወደ ገደብ ሲኬድ ግን ነገሩ ይለወጣል። ቡናው ከእንሰቱ፣ እንሰቱ ከትልልቅ ዛፎች ጋር ተደጋግፎ የሚበቅልበት ተዳፋት፣ ዩኔስኮ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ነው። ለጎብኚ ዓይን የሚያምረው ይህ ተዳፋት ምጥ ለያዛት ሴት መከራ ነው። ቤቶቹ በየጉብታው ተበታትነዋል፤ ዝናብ ሲጥል መሬቱ ያንሸራትታል፤ አምቡላንስ ተጠርቶ ቢመጣ እንኳ መኪና እስከሚገባበት ድረስ እናቲቱን በቃሬዛ ተሸክሞ ማውረድ አለ።

የእናቶችን ሞት የሚያጠኑ ባለሙያዎች ሦስት መዘግየቶችን ይቆጥራሉ። የመጀመሪያው ወደ ሕክምና ለመሄድ እስኪወሰን የሚባክነው ጊዜ ነው፤ ሁለተኛው በመንገድ ላይ የሚያልፈው፤ ሦስተኛው ጤና ተቋም ከደረሱ በኋላ ተገቢው እርዳታ እስኪገኝ ያለው ነው። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ከባድ የደም መፍሰስ ሕክምና ካላገኘ በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ ሊገድል ይችላል። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ተሸካሚ ተፈልጎ፣ ገንዘብ ተበድሮ እስኪወጣ ድረስ ይህ ጊዜ ያልቃል። ማቆያው የመጀመሪያዎቹን ሁለት መዘግየቶች ምጥ ከመምጣቱ በፊት ይጨርሳቸዋል። ሦስተኛውን ግን አይነካም፤ እሱ የባለሙያው፣ የመድኃኒቱና የመሣሪያው ጉዳይ ነው።

ሐሳቡ ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። ኩባ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ለገጠር እናቶች ተመሳሳይ ቤቶችን ስትከፍት፣ በእኛ አገር በጉራጌ፣ ወልቂጤ አቅራቢያ የሚገኘው አጣጥ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1976 የራሱን ማቆያ ሠርቷል። እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2008 ባሉት 22 ዓመታት በሆስፒታሉ ከወለዱት ከ24 ሺህ በላይ እናቶች ውስጥ 6,805ቱ በማቆያው ያለፉ ነበሩ። ከእነዚህ መካከል የሞቱት ከ100,000 ወሊድ ወደ 90 ሲጠጋ፣ ከቤታቸው በቀጥታ በመጡት ዘንድ ቁጥሩ ከ1,300 በላይ ነበር። ሞተው የተወለዱ ሕፃናትም ከ1,000 ወሊድ በማቆያው ካለፉት ዘንድ 18 ገደማ፣ በቀጥታ ከመጡት ዘንድ 191 ነበሩ።

ልዩነቱ ሁሉ ግን የማቆያው ውጤት አይደለም። በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ምጡ ቤት ውስጥ ከተበላሸ በኋላ በጭንቅ የደረሱ ናቸው፤ ስለዚህ ንጽጽሩ እኩል ከሆነ ቦታ አይነሳም። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2015 ማቆያዎችን ሲመክር ማስረጃው ደካማ መሆኑን አልሸሸገም፤ ምክሩንም ከጤና ተቋም ርቀው ለሚኖሩ እናቶች፣ ጥሩ የማዋለድ አገልግሎት ባለበት ቦታ አጠገብ በሚል ገድቦታል። አጣጥን አጣጥ ያደረገው ከአልጋዎቹ ጎን ቀዶ ሕክምና የሚሠራ ሆስፒታል መኖሩ ነው።

ይህ ለጌዴኦ ቤተሰቦች ተግባራዊ ትርጉም አለው። ጤና ጣቢያ ውስጥ አዋላጅ ነርስ አለች፤ ደም የሚያቆም መርፌ፣ እንደ ማግኒዚየም ሰልፌት ያለ የእርግዝና ደም ግፊት የሚያስከትለውን መንቀጥቀጥ የሚከላከል መድኃኒት ሊኖር ይገባል። ቀዶ ሕክምናና ደም መስጠት ግን የሆስፒታል ሥራ ነው። እናም ከዚህ ቀደም በቀዶ ሕክምና የወለደች፣ መንታ ያረገዘች ወይም ፅንሱ በመቀመጫው የሚመጣ እናት የምትጠብቀው በቀበሌዋ አቅራቢያ ባለው ጤና ጣቢያ ሳይሆን እንደ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ባለ ቀዶ ሕክምና በሚሠራበት ተቋም አቅራቢያ ቢሆን ይመረጣል።

ወደ ማቆያው የሚወስደው መንገድ የሚጀምረው ከጤና ኬላ ነው። ቤት ለቤት የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ነፍሰ ጡሯን ትመዘግባለች፤ ክትትል እንድትጀምር ትመክራታለች፤ ቀኗ ሲቃረብም ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ቀደም ብላ እንድትገባ ትነግራታለች። ከገባች በኋላ ደም ግፊቷ ይለካል፤ የፅንሱ የልብ ምት ይደመጣል፤ እግሯ ማበጡ፣ ራሷን ማመሙ፣ ዓይኗ መፍዘዙ ይጠየቃል። አስታማሚ ይዛ መምጣት ትችላለች። ምግቡ ብዙ ጊዜ ከማኅበረሰቡ መዋጮና ቤተሰብ ከሚያመጣው ስንቅ ይሸፈናል፤ የእንሰት አገር ስለሆነ ቆጮና ቡላ አይጠፋም። ቀኑ ረጅም ነው። እናቶቹ ቡና አፍልተው ያወራሉ፤ አራተኛ ልጇን የምትጠብቀው ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትወልደው ልጅ እግር ያየችውን ትነግራታለች። አዋላጇ መጥታ የአደጋ ምልክቶችን ብታስተምርም፣ ከሴቶቹ ወግ የሚገኘው ትምህርት ከዚያ አያንስም።

ምጡ መጥቶ ሕፃኑ ሲወጣ ሥራው በደቂቃ ይቆጠራል። አዋላጇ ሁለተኛ ሕፃን አለመኖሩን በእጇ አረጋግጣ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ደም የሚያቆመውን መርፌ፣ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን፣ ለእናቲቱ ትወጋለች። ሕፃኑ ይደረቅና በእናቱ ደረት ላይ ይተኛል፤ እትብቱ ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ከቆየ በኋላ ይቆረጣል። እንግዴ ልጁ ሲወጣ አዋላጇ ሙሉ መሆኑን አገላብጣ ታያለች፤ የቀረ ቁራጭ ካለ ደሙ አይቆምም። ከዚያ ሆድ ላይ እጇን አድርጋ ማህፀኑ መጠንከሩን ትዳስሳለች፤ ከላላ ታሸዋለች። መርፌው ራሱ ጠባይ አለው፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ካልተቀመጠ ኃይሉ ይዳከማል። መብራት ሲጠፋና ማቀዝቀዣው ሲቆም፣ እናቲቱ በጊዜ መድረሷ ብቻውን አያድናትም።

ከወሊድ በኋላ ያለውን እንክብካቤ ባህላችን ያውቅበታል። አራስ አትሠራም፤ ገንፎ በቅቤ፣ አጥሚት፣ በደቡብ ደግሞ የቡላ ገንፎ ይቀርብላታል፤ ጎረቤት ይጠይቃታል። ብዙ ጤና ተቋማትም ይህንኑ ወደ ግቢያቸው አስገብተው ለወለደች እናት ገንፎ ያቀርባሉ፣ ቡና ያፈላሉ፤ ይህም ሆስፒታል ይቀዘቅዛል፣ እንደ ቤት አይሆንም የሚለውን ፍራቻ ያለዝባል። ልማዱ ግን የሚስተው ነገር አለ። ቢጫው እንገር ተጥሎ ለሕፃኑ ቅቤ ሲላስ፣ የመጀመሪያው መከላከያው ይቀርበታል። ጥየቃው በደስታ ሲሞላ፣ የአራሷ ትኩሳት፣ የራስ ምታቷ፣ ወይም ያለ ምክንያት ማልቀሷና ከልጇ መሸሿ ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል። ቢያንስ 24 ሰዓት ተቋሙ ውስጥ መቆየት፣ በሦስተኛው ቀን፣ በሳምንትና በስድስተኛው ሳምንት ደግሞ መታየት የሚባለው ለዚህ ነው።

በአገር ደረጃ ብዙ ተለውጧል። በኢትዮጵያ የሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች እ.ኤ.አ. በ2005 ከ100 አምስት ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ወደ 26፣ በ2019 ወደ 48 ደርሰዋል። የእናቶች ሞትም እ.ኤ.አ. በ2000 ከ100,000 ሕያው ወሊድ 871 ከነበረበት በ2016 ወደ 412 ወርዷል። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እናቶች ግን በ2019ም ቤታቸው ነበር የወለዱት።

ታዲያ ማቆያው በነጻ ተከፍቶ ሳለ አልጋው ባዶ የሚሆነው ለምንድን ነው? ከእናቶች አፍ የሚሰማው መልስ አጭር ነው፤ «እኔ እዚያ ብተኛ ልጆቹን ማን ያበላቸዋል?» ላሚቱ አለች፤ ውኃ መቅዳት አለ፤ እንሰቱ ተፍቆ ለቆጮ መዘጋጀት አለበት፤ ቀኗ ቡና ከሚለቀምበት ከጥቅምት እስከ ጥር ካለው ጊዜ ከገጠመ ደግሞ የዓመቱ ገቢ የሚሰበሰብበት ሰዓት ነው። ባል ካልፈቀደ፣ አማት «እኛ እዚሁ ወልደን አድገናል» ካለች ነገሩ ያበቃለታል። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ መካከል በተፈጠረው ግጭት ብዙ መቶ ሺህ ሰዎች ሲፈናቀሉና በየትምህርት ቤቱ ሲጠለሉ፣ ነፍሰ ጡሮችም አብረዋቸው ነበሩ፤ ልጆች የሚተዉለት ጎረቤት ሲበተን እናትም የምትሄድበትን አቅም ታጣለች።

ስለዚህ ማቆያው ሥራውን የሚጀምረው እናቲቱ ከመግባቷ ብዙ ወራት ቀድሞ፣ ገና በክትትል ጊዜ ነው። ባልና አማት አንድ ቀን አብረው ቢቀመጡ፣ ልጆቹን ማን እንደሚይዝ፣ ላሚቱን ማን እንደሚያልብ፣ ለስንቁና ለመጓጓዣው ስንት እንደሚቀመጥ በስድስተኛው ወር ላይ ቢወስኑ፣ በዘጠነኛው ወር ክርክር አይኖርም። ቀብር ሲሆን አንድም ቤት የማያስቀር ዕድር፣ ለሦስት ሳምንት ሁለት ሕፃናት የሚይዝ ሰው መመደብ አያቅተውም። ጤና ጣቢያው አልጋውን ያዘጋጃል፤ እናቲቱን ከቤቷ የሚያስወጣት ግን ጓዳዋን ለጊዜው የሚረከብ ሰው መኖሩ ነው።