የሚፈስ ደምና የሚጠብቅ ደም



እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚያልፍ፣ ብርዱ የበረታ ተራራ ነው። በባሕር ዛፉ መካከል እንጨት የሚፈልጥ ሰው እግሩን በምሳር ቢመታ፣ ወይም ከየካ በላይ ባሉት መንደሮች አንዲት እናት ከወለደች በኋላ ደሟ አልቆም ቢል፣ ቁልቁል እስኪወርዱ ድረስ ሁለት ጠላቶች ይከተሏቸዋል፤ አንዱ የደሙ መፍሰስ፣ ሁለተኛው ብርዱ ነው።

በአንድ ጎልማሳ ሰው ገላ ውስጥ 5 ሊትር ያህል ደም ይገኛል። ከዚህ 2 ሊትር የፈሰሰ እንደ ሆነ ነፍሱ በብርቱ አደጋ ላይ ትወድቃለች። ገላው የቀዘቀዘ እንደ ሆነም ደሙ እንደሚገባ አይረጋም። ስለዚህ አጠገቡ ያለ ሰው ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ ይጫን፤ ለማየት ሲልም እጁን አያንሣ። የእግር ወይም የእጅ ደም በመጫን ካልቆመ፣ ከቁስሉ በላይ በሰፊ ጨርቅ አጥብቆ ይሰር፤ ሰዓቱን ያስታውስ፤ ሐኪም ሳያይም አይፍታ። የሚጠጣ ሳይሰጥ፣ ጋቢ ደርቦ ያውርደው። የወላዷ መዳኛ ግን ሳይዘገዩ ሐኪም ቤት ማድረስ ነው።

ሐኪሙም በመጀመሪያ ደሙ የሚፈስበትን ይዘጋል። በደም ሥር የሚሰጠው የጨው ውኃ ለጊዜው ቢረዳም፣ ሲበዛ የቀረውን ደም ያቀጥናል። ስለዚህ ብዙ ደም ለፈሰሰው ሕመምተኛ ከቀይ የደም ሕዋስ ጋር፣ ደምን የሚያረጉት ፕላዝማና ፕሌትሌት ይሰጡታል። ካርል ላንድሽታይነር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1901 ዓ.ም. በቪየና የደምን ዓይነቶች ካስታወቀ ወዲህ፣ የሰጪውና የተቀባዩ ደም መስማማቱ አስቀድሞ ይመረመራል።

በአገራችን የደም ባንክን በዚሁ አቆጣጠር በ1969 ዓ.ም. ያቋቋመው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ነው፤ በ2012 ዓ.ም. ሥራው ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ተዛወረ። ነገር ግን ደም ከሰው በቀር ምንጭ የለውም። ቀይ ሕዋሱ በማቀዝቀዣ ከ5 እስከ 6 ሳምንት፣ ፕሌትሌት ግን 5 ቀን ያህል ብቻ ይቆያል። አደጋ ከደረሰ በኋላ ሰጪ መፈለግ «ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» ማለት ነው።

ዕድሜው ከ18 ዓመት ያላነሰ ጤነኛ ሰው ተመርምሮ ግማሽ ሊትር የማይሞላ ደም በየሦስት ወሩ ሊሰጥ ይችላል፤ ጕልበቱም አይደክምበትም፤ ገላው ይተካዋልና። ከተራራው የሚወርደውን ቁስለኛ የሚያድነው፣ ቀድሞ ሐኪም ቤት ደርሶ የሚጠብቀው ደም ነው።